አንድም ሞታለች፣ አንድም ተሰውራለች

ሐምሌ 3 ቀን 1998፣ ከቀኑ 10 ሰዓት
ዛሬም መብራት የለም። ጌም የሚያጫውተን ኪሮስ ቤት ተሰብስበን የጠፋ ቴሌቪዥን እያየን ዋልን። ፕሌይስቴሽኑን በላስቲክ ሸፍኖታል፤ ጣሪያው ያፈሳል። ወሬው ያው ነው፦ የጨዋታው ሦስተኛ ክፍል። ሲዲውን የወልድያ አውቶቡስ ሹፌር ያመጣል። እስከዚያ የሽፋኑን ሥዕል ልኮልናል፤ ጀርባዋን የሰጠች ሴት። ግማሹ ሐኪሟ ናት ይላል፣ የተዋጊዎቹን ቁስል የምታድነዋ። ግማሹ ሞታ የለም ወይ ይላል። ኪሮስ ደግሞ በውጊያው ላይ ተራ ጠብቆ መምታት ቀረ አሉ፣ ጨዋታው ተበላሸ ብሎ ገና ሳያየው አኩርፏል።

ደብተሬ፣ የሐኪሟ ጭቅጭቅ ጥፋቱ የኔ ነው።

ሐምሌ 5
ልጻፈው። ሁለተኛውን ክፍል ስንጫወት እንግሊዝኛውን የምተረጉመው እኔ ነበርኩ። የመሪጌታ ልጅ፤ ትርጓሜ እየሰማሁ ያደግኩ። ሐኪሟ ስትወድቅ ጽሑፉ ከበደኝ። አላውቀውም ለማለት አፈርኩ። አባቴ መጽሐፍ ሲተረጉሙ እንደሚሉት፣ አንድም ሞታለች፣ አንድም ተሰውራለች አልኩ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወዲህ ለሁለት ተከፍለው ይከራከራሉ። አባቴ አንድም የሚሉት ከመምህራቸው የተቀበሉትን ነው። እኔ ከራሴ ፈጠርኩ።

ሐምሌ 9፣ እሑድ
ተሰውራለች ከሚሉት ዋናው ብርሃኑ ነው፣ አብሮ አደጌ። እህቱ ዝናሽ አምና ክረምት ለሕክምና ወልድያ ሄዳ እዚያው አረፈች። ዝናቡ መንገድ ዘግቶበት ለቀብሯ አልደረሰም። እናቱ የሙት ዓመቷን ሲያነሱ ተነስቶ ይወጣል። ዛሬ ከቤ/ክ ስንመለስ ሐኪሟ ትመለሳለች አለኝ፤ ራስህ አይደል የነገርከን አለ። ቆይቶ፣ ዝናሽንም ሲቀብሯት አላየሁም አለ።
ስለ ሲዲው ማውራት ጀመርኩ።

ሐምሌ 11
መብራት መጣ። ኪሮስን አስፈቅጄ የድሮውን ክፍል ብቻዬን ከፈትኩ። መዝገበ ቃላት ተውሼ፣ ቃል በቃል። ጠዋቱን ሙሉ ፈጀብኝ። ሞታለች። ከወንዙ ማዶ ቀበሯት ይላል። ሌላ ፍቺ የለውም። አለቀስኩ። ለሐኪሟ ይሁን ለዝናሽ አላውቅም።

ሐምሌ 13
ሲዲው ነገ ይገባል ተባለ። ብርሃኑ ከፊት ቦታ ያዝልኝ፣ አንተ አንብብልኝ ብሎ አደራ አለኝ።
ለአባቴ ነገርኳቸው። ይስቁብኛል ብዬ ነበር። የማያውቁትን አላውቅም ማለትም ትምህርት ነው አሉ። ከዚያ ብርሃኑን ለቅሶ ደርሰኸዋል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ደርሻለሁ አልኩ። ስለ እሷስ አውርታችኋል? አላወራንም። ዓመት ሊሞላው፣ አንድ ቀን እንኳ።

ሐምሌ 14፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት
አውቶቡሱ የሚገባው ከሰዓት ነው። ብርሃኑን ብቻውን ኪሮስ ቤት ቀጠርኩት። የድሮውን ሲዲ አስገብቻለሁ፤ ሐኪሟ ልትወድቅ ጥቂት ሲቀራት አቁሜዋለሁ። እንደተጻፈ አነብለታለሁ። አንድም አልልም። ከዚያ ይስደበኝ፣ ይምታኝ። ስለ ዝናሽ እጠይቀዋለሁ። ለሙት ዓመቷም ድንኳኑን አብሬው እተክላለሁ፣ እሺ ካለኝ።
መጣ። በሩ ደፍ ላይ የጫማውን ጭቃ እየጠረገ ነው። ፈገግ ብሏል። ደብተሬ፣ ልዝጋሽ