የ38 ቁጥር ማሊያ ግራ ትከሻ

እሑድ፣ ኦክቶበር 17 ቀን 2021
ፔሪ ቤንድ፣ አላባማ

ወንድሜ ሩፈስ፣

በገና ካርድ ላይ ከምሞነጭርልህ ሁለት መስመር ያለፈ ነገር ከጻፍኩልህ ስንት ዓመት ሆነ? አንተ ብትደነግጥ አይፈረድብህም፤ እኔም ብዕሩን ሳነሳ ደንግጫለሁ። እኔ ጉልበቴን ያመኛል እንጂ ደህና ነኝ። ሳልህ እንዴት ነው? አላስካ መቼም ለሳል አገር አይደለም።

የትናንቱን ልንገርህ። ከተምታታብህ፣ እኔም ተምታቶብኝ ነው።

የዌክስሊ ኮሌጅ ፉትቦል ቡድን ዘንድሮ መቶ ዓመት ሞላው። ለበዓሉ የድሮውን ማሊያ አስመስሎ ለማሠራት ታቢታ የምትባል ልብስ ነዳፊ ከቺካጎ አስመጡ። በጁላይ እቤቴ ድረስ መጣች። "ሚስ ኦዴሳ፣ አርባ አንድ ዓመት የቡድኑን ልብስ ያጠቡትም የሰፉትም እርስዎ ነዎት አሉኝ። ካለ እርስዎ ማን ያስረዳኛል?" አለችኝ። እንዲህ ተለምኜ እምቢ ልበል?

ኮሌጁ ዕቃ ክፍል ስሄድ፣ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ሁሉንም በየዘመኑ ደርድራ ጠበቀችኝ። መጀመሪያ ያ ዝናብ ሲነካው በግ በግ የሚሸተው ግራጫ የሱፍ ሹራብ። ቀጥሎ ቀዩ ጥጥ፣ እጅጌው ላይ ነጭ መስመር ያለው። ከዚያ የሰማንያዎቹ ናይለን፣ ወንፊት የመሰለው፣ የልጆቹን ሆድ የሚያሳየው። ከዚያ ደግሞ በቴሌቪዥን ያምራል ብለው ያመጡት ጥቁር፤ በሴፕቴምበር ፀሐይ ልጆቹን እንደ ድንች የቀቀላቸው። አሁንማ በየሳምንቱ ይለዋውጡታል። የኛ የትኛው እንደሆነ ጠፍቶኝ ለባላጋራ ያጨበጨብኩበት ቀን አለ።

ይህን እየነገርኳት ስንሳሳቅ፣ "የ1971 ግን አንድ ብቻ ነው የተረፈው" ብላ ከካርቶን ውስጥ አወጣች። ቀይ ነው። ቁጥር 38።

ያንተ ነው፣ ሩፈስ።

"ግራ ትከሻው ላይ ይህ ምንድነው?" አለችኝ። አራት ማዕዘን ነገር፣ ከሌላው ጨርቅ ይልቅ ቀለሙ ያልለቀቀ፣ ዙሪያውን የመርፌ ቀዳዳ። ምን እንደነበረበት እኔና አንተ እናውቃለን። ቅድመ አያቶቻችንን በባርነት ለማቆየት የተዋጉት የደቡብ ሰዎች ባንዲራ፣ ከመዳፍ የማይበልጥ፣ በእያንዳንዱ ተጫዋች ትከሻ ላይ። ኮሌጁ የዚያን ዘመን ፎቶ ሁሉ ከግድግዳ አውርዶ የት እንዳደረሰው እንጃ፤ ልጅቷ ከየት ታውቀዋለች?

"ብል በልቶት ይሆናል" አልኳት። በሰባ አንድ ዓመቴ፣ ዓይን ዓይኗን እያየሁ ዋሸሁ። ለምን እንደዋሸሁ እስካሁን አልገባኝም።

ትናንት ስታዲየም ይዛኝ ሄደች። ቡድኑ ብቅ ሲል ሕዝቡ ብድግ ብሎ ጮኸ። ቀይ ማሊያ፣ ነጭ መስመር። ግራ ትከሻው ላይ ደግሞ በነጭ ክር የተጠለፈ ባዶ አራት ማዕዘን! የመርፌው ቀዳዳ ብል የበላው ጌጥ መስሏት እንዳለ ገልብጣዋለች። በሱቅም ይሸጣል። ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ነጭ ሽማግሌ ለብሰውት፣ ለሚስታቸው "በኛ ጊዜ ልክ እንዲህ ነበር! ልክ እንዲህ!" ይላሉ። ያኔ አንተን ከሰደቡህ አንዱ ይሁኑ አይሁኑ በምን ልወቅ?

ልሳቅ ብዬ ጀመርኩ፣ መሐል ላይ እንባዬ መጣ።

"ምነው፣ አልወደዱትም?" አለች ታቢታ።

"ልጄ፣ ብል አይደለም የበላው። እኔ ነኝ።"

ከዚያ ሁሉንም አወጣሁላት። ሥራ ከገባሁ ሁለት ወር ቢሆነኝ ነው። ያ ነገር በወንድሜ ትከሻ ላይ ሲሄድ ማየት አልቻልኩም፤ አንተን እንኳ ሳልጠይቅ፣ ሐሙስ ዕለት ሳጥበው በምላጭ ተረተርኩት። አሰልጣኝ ሃጊንስ በማግስቱ አሰልፏችሁ "ማነው ይህን ያደረገው?" ሲል ፎጣ ታቅፌ በር ላይ ቆሜያለሁ። አፌን ስከፍት ቀደምከኝ።

"እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።"

"መልሰህ ሰፍተህ ትለብሳለህ።"

"አልለብስም።"

በዚያው ቀን ማሊያውንም ትምህርቱንም ቀሙህ። እኔ ምን አደረግሁ? ፎጣዎቹን አጣጥፌ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩ።

ሃምሳ ዓመት ያልገባኝ ይኸውልህ። "እኔ ነኝ" ያልከው እማዬ የምትኖረው በኔ ደሞዝ ስለነበር ነው? "አልለብስም" ያልከውስ? እኔ ባልተረትረውም አንድ ቀን አንተው ትተረትረው ነበር? ወይስ የጀመርኩትን መጨረስ ግድ ሆነብህ? አውቶቡሱ ላይ ስትወጣ "እማዬን አደራ" ብለህ ሄድክ። እኔም አልጠየቅኩ፣ አንተም አልተናገርክ።

ታቢታ ፊቷ አመድ መሰለ። "ምን ላድርግ? ላስቀረው?" አለችኝ።

"እኔንጃ" አልኳት፤ እውነቴን ነው። መጥፎውን ጨርቅ የፈታሁበት ቦታ በሺህ ሰው ትከሻ ላይ ተሰፍቷል፣ የሚያውቀው ግን የለም። ደስ ሊለኝ ነው ወይስ ሊቆጨኝ?

ልጅቷ ኖቬምበር 20 በመጨረሻው ጨዋታ ላይ ታሪኩ በስምህ እንዲነገር ትፈልጋለች። አድራሻህን ለመነችኝ። "እሱን ሳልጠይቅ አልሰጥም" አልኳት። ልስጣት? እምቢ ካልክ እምቢ ነው፤ አንዴ ሳልጠይቅህ ያደረግሁት ይበቃል። ብትመጣም ለኮሌጁ ብለህ አትምጣ። ጨዋታውን ትተን እቤት ቁጭ እንላለን።

ከዚህ በታች የተፋቀው፣ ፎጣ ካጣጠፍኩበት ቀን ጀምሮ ያለብኝ አንድ ቃል ነው። ሦስት ጊዜ ጻፍኩት፣ ሦስቴም ሰረዝኩት፤ ወረቀቱም ተቀደደ። እንደምንም አንብበው።

ጌታ ከፊትህም ከኋላህም ይሁን።

ታላቅ እህትህ
ኦዴሳ