የአባዬ ሞተር እንደገና ተፈታ

ለወንድሜ ለዌንደል፣

መርከባችሁ ባለችበት ሁሉ ሰላምታችን ይድረስህ። እኛ ደህና ነን፤ እዚህ ኢንዲያና በቆሎው በቅሏል። የገና ካርድህ ደርሶናል፤ ከዚያ ወዲህ የላክንልህም ደብዳቤ ደርሶህ ይሆናል። ባሕር ላይ ፖስታ ይዘገያል ይላሉ።

ከመሄድህ በፊት ከአባዬ ጋር የጀመራችሁት የውድድር መኪናው ሞተር ተሠርቶ አለቀ። ሲነሳ የጋራዡ መስኮት ተንቀጠቀጠ። ጎረቤታችን ቨርሊን እየሳቀ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ተገጣጥሞ በሣጥን የሚመጣውን ገዝተህ ቢሆን ይሄኔ ዋንጫ በዋንጫ ነበርክ!" አለው።

"ከልጄ ጋር የምሠራውን ማን በሣጥን ይሸጥልኛል?" አለ አባዬ።

በማግስቱ ጋራዥ ስገባ ሞተሩ ተፈታትቶ ጠረጴዛው ላይ ተደርድሯል።

"አባዬ፣ ምን ሆነ?"

"ምንም። ፒስተኖቹን ደግሜ ልያቸው ብዬ ነው።"

እማዬ ምሳውን እዚያው አመጣችለት። ፖስተኛው በበሩ ሲያልፍ ሁለቱም ቀና አሉ።

ትናንት እንደገና ገጣጥሞ ጨረሰ። የሞተሩን የላይ ክዳን፣ ቴስታታውን፣ ሲያስር ግን አንዱን ብሎን በጣቱ ብቻ አዙሮ ተወው። ላጠብቀው ስል እጄን ያዘኝ።

"ተይው፤ እሱ የወንድምሽ ነው" አለኝ።

ሁላችንም ስመንሃል፤ ሁለት መስመርም ብትሆን ጻፍልን።

እህትህ ኮሪን