በአረቄ ስለ ጸናው ዕርቅ

ለተከበሩ አቶ አያልነህ
የሰፈራችን አስታራቂ ሽማግሎች ሰብሳቢ
ወረታ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎ፣ ዓይንዎ፣ በተለይም ጆሮዎ ደህና ነው ወይ? እኔ ከንዴት በቀር ምንም አላመመኝም፤ ፈጣሪ ይመስገን። ጸሐይነሽ እባላለሁ፤ ከገበያው ጀርባ ያለችው የሩዝ መፈልፈያ ባለቤት ነኝ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ሞተሩ ዝም ሲል፣ እኔና ጥቂት ጓደኞቼ በፈቃዳችን፣ በቤታቸው ሰው መጠጥ የተነሣ ኑሯቸው የተናጋ ጎረምሶችንና ልጃገረዶችን እዚያው ጆንያው ላይ አስቀምጠን እናስጠናለን፤ የከፋው ሲያወራ እናደምጣለን፤ የሰማነውንም ለማንም አንናገርም። እርስዎ «የገመና ማስጫ» እያሉ የሚጠሩት ይኸንኑ ነው። ስም ስላወጡልን እናመሰግናለን፤ እስከዛሬ ስም አልነበረንም።

ከልጆቹ አንዷ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ስሟን አልጽፈውም፤ እርስዎ በሰንበቴው ላይ በሰው ሁሉ ፊት ስለ ጠሩት የእኔ መጻፍ አያስፈልግም። አባቷ ጎበዝ ገበሬ ነው፤ ሲጠጣ ግን በር ይሰብራል፣ ደብተር ያቃጥላል። ስለዚህ ቁሐር ሚካኤል ካለው ከአባቷ ቤት ወጥታ፣ እዚህ ወረታ አክስቷ ዘንድ ተጠግታ ለፈተናዋ ታጠና ነበር። ተመስገን፣ ልጅቱ እንቅልፍ አገኘች ብለን ሳንጨርስ እናንተ ጋቢያችሁን አጣፍታችሁ ደረሳችሁ። በዚህ የተነሣ ያለኝን ምስጋና እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ አባትንና ልጅን ለማስታረቅ ስለ ደከማችሁ ውለታችሁ አለብን። ልጅቱ ግን ፈርታ እንጂ ተጣልታ አልወጣችም። ይህን ልታስረዳ አፏን ብትከፍት «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ብለው በተረት ዘጉላት። ያ ሁሉ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ምን ደረሰብሽ ብሎ የጠየቃት አንድ ሰው እንኳ አልተገኘም።

ሁለተኛ፦ ድንጋይ አሸክማችሁ አባቷ እግር ላይ ጣላችኋት። ይቅር አላት። ከዚያ ዕርቁ ይጽና ብላችሁ አረቄ አስመጣችሁ። ኧረ ጌታዬ! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ እኛማ ገና በግንቦት ሰማን። የመጀመሪያው መለኪያ ለአባትየው ተሰጠ፤ ተበዳይ ነዋ! ቀድታ እንድታቀርብ ያዘዛችሁትም ልጅቱን ነው። ሥርዓት አዋቂነታችሁን ለማድነቅ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

ሦስተኛ፦ ለአክስትየው፣ ዳግመኛ ብታስጠጊያት ከዕድር ትወጫለሽ ብላችሁ ፈርዳችኋል። ሴትዮዋ ብቻዋን ነዋሪ ናት፤ ማን ይቀብረኛል ብላ በሯን ዘጋች፤ ልጅቱም ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች። በዚያው ሳምንት አባትየው እንደ ልማዱ ሰክሮ ገባ፤ ልጅቱም ያደረችው ከከብቶቹ ጋር ነው። ፈተናው በሰኔ ነው። ዝናቡ ከጀመረ ደግሞ ከቁሐር ሚካኤል ወረታ ድረስ ያለው ሜዳ ውኃ ተኝቶበት ሰው እንደማያሳልፍ ለእርስዎ አልነግርዎትም።

አራተኛውን ትቼዋለሁ፤ ስለ እኔ የተናገሩት ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ሥራ ስትፈታ የሰው ቤት ታምሳለች ብለዋል አሉ። ስላሰቡልኝ እግዜር ይስጥልኝ፤ ሥራ እንኳ አልፈታሁም፣ ሩዙ ሞልቷል።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ለአክስትየው የተናገሩትን ያንሡላት፤ ልጅቱ ተፈትና እስክትወጣ ድረስ ብቻ። ከዕድር የግድ አንድ ሰው መውጣት ካለበት እኔን አስወጡኝ። ስሞት የሚቀብሩኝ ጓደኞች አላጣም፤ ባጣም ሞቼ ምን ቸገረኝ? ይህች ልጅ ግን በሕይወት እያለች የሚያስጠጋት አጣች።

ከወንበርዎ ሳይነሡ፣ ከቃልዎ ሳያነሱ፣ ረጅም ዕድሜ እንዲኖሩልን እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

ጸሐይነሽ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ጨርሼ ሳላሽገው አባትየው ዛሬ ማልዶ መፈልፈያው ድረስ መጣ። አልጠጣም ነበር። የልጅቱን መጻሕፍት በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሟል። አክስቷ ዘንድ መልሱልኝ፣ እኔ ራሴን አላምነውም፣ የሽማግሌ ቃል አፈረሰ መባልን ፈርቼ ነው እንጂ ያኔውኑ አመጣት ነበር ብሎ አለቀሰ፤ ይህንንም ጻፊው አለኝ። እንግዲህ ልጄን አውጡልኝ ብሎ የሚለምነው ሰካራሙ ነው፤ አትወጣም ያሉት ግን አንድ ቀን እንኳ ሰክረው የማያውቁት እርስዎ ነዎት።