አባባን የምጫወትበት ቴአትር

ለአባቴ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ደም ግፊትዎስ? ጨው እንደተዉ እህቴ ሳባ ነግራኛለች፤ ጥሩ አደረጉ። እኔ ባይጠይቁኝም ደህና ነኝ።

«አዝማሪ ከቤቴ ይውጣ» ብለው ካባረሩኝ ወዲህ ያለውን ላጫውትዎ። መጀመሪያ በፊልም ታክሲ ነጂ ሆንኩ፣ ቀጥሎ ሌባ፣ ቀጥሎ ፊልሙ ገና ሲጀመር የሚገደል ሰው። እርስዎ አርችዌይ ሰፈር ለሰንበቴ ጓደኞችዎ «ልጄ ካናዳ ሐኪም ነው» ሲሉ፣ እኔ እዚያው ከተማ፣ ባተርሲ ሰፈር፣ በአንዲት ትንሽ ቴአትር ቤት ንጉሥ ሆኜ እተውን ነበር። ይህን ሁሉ ችዬው ነበር።

ያልቻልኩት የእማዬን ነገር ነው። ለባዕድ እንኳ ሽማግሌ ተልኮ በማለዳ መርዶ ይነገራል። እኔን ግን አርባዋ ከወጣ በኋላ ዋይት ሲቲ የገበያ ማዕከል ውስጥ ያገኘችኝ የቤተ ክርስቲያናችሁ ሰው፣ እህተማርያም፣ «እናትህን ነፍስ ይማር» አለችኝ። በገበያተኛው መሃል ቆሜ አለቀስኩ። ሳባን እንዳትነግረኝ ያስማሏት እርስዎ ነዎት። የንስሐ አባቴ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ቢሉኝ ጸሎቱን ተውኩት።

አሁን ተራው የእኔ ነው። በአዲሱ ተውኔት ልጁን ከቤት የሚያባርር አባት ሆኜ እጫወታለሁ። የሰውዬው ስም ሌላ ነው፤ አካሄዱ፣ ጉሮሮ አጠራረጉ፣ ሰው ሲያናግረው ጣሪያ ጣሪያ ማየቱ ግን የእርስዎ ነው። ሕዝቡ በየምሽቱ ይስቅብዎታል፣ ከዚያ ይጠላዎታል። መጨረሻ ላይ ብቻዎን ይሞታሉ፤ መርዶዎን የሚያረዳም የለም። ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም።

አንድ ነገር ግን አስቸግሮኛል። ልጁን አስወጥቼ በሩን ስዘጋ እጄ ይንቀጠቀጣል። የተውኔቱ አዘጋጅ «ተመልካቹ ለአባትየው ያዝንለታልና መንቀጥቀጡ ይቅር» አለችኝ። እሺ አልኳት። በማግስቱም ተንቀጠቀጠ። መንቀጥቀጡን እኔ አልፈጠርኩትም። ያባረሩኝ ቀን ፊትዎን ላለማየት ዓይኔን የጣልኩት የበሩን እጀታ በያዘው እጅዎ ላይ ነበር።

ለቅዳሜ ከፊት ረድፍ ወንበር አስይዤልዎታለሁ። መጥተው ራስዎን ይዩ። ቢቀሩም ግድ የለኝም፤ ወንበሩን ግን ለሌላ ሰው አልሰጥም።

እግዚአብሔር ጉልበትዎን ያበርታልኝ፤ ቴአትር ቤቱ ደረጃ ይበዛዋል።

የበኩር ልጅዎ