ሥጋ የሚቦጭቅ ቃል

አባዬ፣

ከተለየኸን ሰባት ወር ሞላ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እያልኩ ይህን ደብዳቤ ስንቴ ጀምሬ ቀደድኩት። አሁን ግን ያድርገኝ።

ከተማችን ሆሳዕና ያው ናት። ቤቱን ቀለም አስቀባነው። መጻሕፍትህን ለትምህርት ቤቱ ሰጠን፤ ያን ወፍራም የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ግን ወደማስተምርበት ዱራሜ ይዤው ሄድኩ። ወንበርህ በረንዳ ላይ ወጥቶ ድመቷ ትተኛበታለች። ያወጣችው እማዬ ናት።

ለቅሶህ ላይ የመጣው ሁሉ ተጫዋችነትህን ሲያወራ ሰነበተ። የቀድሞ ተማሪዎችህም ጎረቤቱም አንተ ያልከውን እየደገሙ፣ እንባቸውን እየጠረጉ ሳቁ። እማዬ ጥቁር ለብሳ እዚያው ተቀምጣ ሳለች፣ በእሷ አማርኛ ላይ የቀለድከውን እንኳ አልተዉትም።

ዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛ ስታስተምረን ሳርካዝም የሚለውን ቃል ሰሌዳ ላይ ጽፈህ ታሪኩን የነገርከን አንተው ነህ። ከግሪክ የመጣ ነው አልክ፤ ሥሩ እንደ ውሻ ሥጋ መቦጨቅ ነው። ቆይቶ በንዴት ከንፈር መንከስ ሆነ፣ ከዚያ መራራ ሽሙጥ። እንግሊዞችም ሲቀበሉት ሰውን ለመጉዳት የሚነገር ነገር ነበር። ዛሬ ግን ተቃራኒውን እየተናገሩ መቀለድ ብቻ ሆኗል፤ ቃልም እንደ ቆዳ ሲያሹት ይለሰልሳል ብለህ ሳቅክ። ለሚቦጨቀውም ይለሰልሳል ወይ ብዬ ልጠይቅህ እጄን ላወጣ ነበር። ክፍሉ ፊት ምን እንደምትለኝ ስለማውቅ ተውኩት።

እማዬ የሾኔ ልጅ ናት፣ አፏን በሀዲይኛ የፈታች። አማርኛን የለመደችው አንተን ካገባች በኋላ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር አንድ ነገር ትላለች፣ አንተ አነጋገሯን አስመስለህ ትደግመዋለህ፣ እንግዶችህ በሳቅ ፍርስ ይላሉ። ቀስ በቀስ ምግቡን አቅርባ ወደ ጓዳ መግባት ጀመረች። አንተም ዝምተኛ ሚስት ሰጠኝ እያልክ ታወራ ጀመር። ውሸት ነው። አንድ ክረምት ሾኔ ይዛኝ ወርዳ ነበር። ገበያው መሀል ቅቤ እየቀመሰች፣ እየተከራከረች በሀዲይኛ ስታወጋ፣ ሴቶቹ ሆዳቸውን ይዘው ይስቁ ነበር። ከሁለታችሁ ተጫዋቿ እሷ ነበረች። እድሜዋን ሙሉ ጓዳ አስቀመጥካት።

የአርባህ ዕለት ጸሎቱ ካለቀ በኋላ ባለቤቱ አንድ ቃል ትበል ተባለ። አትነሳም ብዬ ነበር፤ ተነሳች። በዚያው አንተ ትስቅበት በነበረው አማርኛ ስለ ደግነትህ ተናገረች። እኔን ልትወልድ ምጥ ሲይዛት መኪና ጠፍቶ፣ ዝናብ እየመታህ ከጎረቤቶች ጋር በቃሬዛ ተሸክመህ ጤና ጣቢያ እንዳደረስካት። እውነት ነው፣ አድርገኸዋል። ማንም አልሳቀም። ስትጨርስ ሰዉን አላየችም። ዞር ብላ ያየችው እኔን ነው፣ እስቅ እንደሆነ።

እስቅ ነበራ፣ አባዬ። ከእንግዶችህ ሁሉ ቀድሜ የምስቀው እኔ ነበርኩ። ስስቅልህ ፀጉሬን ትዳብሰኝ ነበር፣ እኔም ለዚያች እጅህ ስል እናቴን ቦጨቅኳት። ይህን ስላስተማርከኝ ይቅር አልልህም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። እማዬ ግን ይቅር ብላሃለች፤ ፈቅዳ ትርሳህ፣ መብቷ ነው። እኔ ከወጉት ወገን ነኝና መርሳት አይገባኝም። ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪ ተነስታ እየተንተባተበች አነበበች። አነባበቧን ልደግመው አፌን ከፈትኩ፤ ክፍሉም ሊስቅ ተዘጋጅቶ ይጠብቀኝ ነበር። አንተን አስታወስኩና ዘጋሁት። ቀጥይ አልኳት፣ ቀጠለች። አፌ እንዲህ በተከፈተ ቁጥር አስታውስሃለሁ፣ ቃሌ ነው።