አባባ ያንኳኳው ሳጥን

ሶዶ፣ የካቲት 1955 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ አንጁሎ፤ የወንጂ ሸንኮራ ጥርስህን ካልጨረሰው፣ ለጤናህ እንደምን ሰነበትህ? እኔ ዘንድሮም አራተኛ ክፍል መቅረቴ ካልተቆጠረ ደህና ነኝ፤ ወንበሩ ለምዶኛል።

ለአዲሱ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን፣ መሠዊያው ላይ ቅዱስ ቁርባን የሚቀመጥበትን ሳጥን የሚሠራው አባባ ነው። አሮጌውንም አንተ ሳትወለድ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ገና ሣር ክዳን ሳለ የሠራው እሱ ነበር አሉ። ባለፈው አውርዶ በጣቱ ቢያንኳኳው እንደ ባዶ ቅል ጮኸ። ላዩ ዛሬም ያብረቀርቃል፤ ውስጡን ግን ምስጥ ጨርሶታል።

እኔ መች አርፋለሁ! አባባ ጎንበስ ብሎ ሲያስል ከኋላው መጥቼ ጀርባውን አንኳኳሁና «አንተም ጋ ምስጥ ገብቷል!» አልኩት። ሲስቅ ሳሉ መልሶ ያዘው።

በማግስቱ ኦቶና ሆስፒታል ወሰድኩት። ሐኪሙም ልክ እንደኔ ጀርባውን አንኳኳ። እሱ ግን አልሳቀም። ከዚያ ወዲህ ማንኳኳት ትቻለሁ።

አዲሱ ሳጥን ሊያልቅ ነው፤ ቁመቱ ከክንድ አይበልጥም። አባባ ግን ከሳጥኑ ከተረፈው ዝግባ ረጃጅሞቹን ሳንቃዎች መርጦ ቆጥ ላይ ሰቀለ፤ እማዬንም «እንዳትነኪያቸው» አላት።

«አልጋ ልትሠራልኝ ነው?» አልኩት።

ከእግር እስከ ራሴ አየኝና «ላንተ ይረዝማል» አለኝ።

ጋሼ፣ ለፋሲካ እመጣለሁ ያልከውን ተወውና አሁኑኑ ና። ሸንኮራው የትም አይሄድም። እማዬ ጉንጭህን ስማለች፤ አባባም «ደህና ነኝ በለው» ብሎኛል።

ቀልድ የጠፋበት ወንድምህ፣
ፋንታዬ ባዳቾ