የኮሶዬው ፍልፈል

የካቲት 23
ዛሬም ውኃ ጠፋ። በርሜሉ ባዶ ነው። እማየ አጥሚት ሁለት ማንኪያ ቀምሳ ተወችው።
ግቢያችን የተከራየችው ፅዮን፣ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ የምትማረው፣ ልብስ እያሰጣች ስለ አንድ ፍልፈል አወራችኝ። ፀጉር የለውም። ሶማሌ በረሃ ነው ያለው። አይጥ ሦስት ዓመት ስትኖር እሱ ሠላሳ ያልፋል። ካንሰርም አይነካውም ማለት ይቻላል። ሴሎቹ ሲጠጋጉ መብዛት ያቆማሉ አለች፤ መሃላቸው እንደ ተልባ የሚዝለገለግ ነገር አለ... ዲኤንኤው ሲበጠስም ቶሎ ይጠግናል።
የእማየ ሴሎች ምነው ማቆም አቃታቸው?
ዘጠነኛ ክፍል አስተማሪው ላይ ዳስተር ወርውሬ ነበር። እንዲህ ቢያስተምረኝ አልወረውርም ነበር? እወረውር ነበር።

የካቲት 24
የእማየ አገር፣ የኮሶዬ ፍልፈል ፀጉር አለው። ቢኖረውስ? ዘመድ ዘመድ ነው። ቀቅዬ መረቁን ባጠጣትስ... ጾም ነው። ጾም ባይሆንም ፍልፈል አይበላም። ከሽሮ ብቀላቅለው አታውቅም።

የካቲት 26
ኮሶዬ ሄድኩ። አያ ክንዱ፣ የእማየ ታላቅ ወንድም፣ ድንች ማሳው ላይ የፍልፈል ጉድጓድ ከፍቶ ዶማ ይዞ ቆመ። ንፋስ ሲገባበት ፍልፈሉ ሊደፍን ይመጣል፤ ያኔ ነው የሚመታው። በሕይወቱ ነው የምፈልገው አልኩት። ጎንደር ድመት አልቆ ነው ወይ ብሎ ሳቀብኝ። ጮህኩበት። ከዚያ አለቀስኩ። በሕይወቱ ያዘልኝ።

የካቲት 27
ፅዮን ባዶው በርሜል ውስጥ ያስቀመጥኩትን ፍልፈል አየች። ይኼ ሌላ ነው፣ ዝምድናቸውም ሩቅ ነው። ያኛው እንኳ ቢበላ ሆድ ይፈጨዋል እንጂ አያድንም አለች።
"ታዲያ ማወቅሽ ምን ሠራልኝ?" አልኳት።
በርሜሉን በእግሬ መታሁት። አውራ ጣቴ አብጧል።

የካቲት 28
እማየ የሚቧጭር ነገር ሰማች። ሁሉንም ነገርኳት፣ መረቁንም። ሳቀች። ሳቋ ሳል ሆነ።
"በጾም ፍልፈል ልታበይኝ? አንቺ ልጅ፣ ከበሽታው አውጥተሽ ገሃነም ልትከችኝ ነው።"
ልጅ እያለች አባቷ የፍልፈል ጅራት ላመጣ እሸት ይሰጥ ነበር አለች። ከዚያ፣
"መልሽው ልጄ። ጉድጓዱ ንፋስ ገብቶበታል" አለችኝ።
እሺ አልኩ። አልመለስኩትም። ምን እየጠበቅኩ ነው?

መጋቢት 6
ድንች ላጥኩላት። አልበላችም። ልጣጩን ፍልፈሉ በላው።

መጋቢት 11
ጠዋት። እጇን ይዤ ነበር።

መጋቢት 14
ኮሶዬ፣ የተወለደችበት ቀበርናት። ትናንት ሰልስቷ ነበር። ፅዮንም መጥታ ሳህን አጠበች። ጎኗ ቆሜ አደረቅኩ።
ዛሬ ከጎንደር ይዤው የመጣሁትን ፍልፈል ወደ ድንች ማሳው ወሰድኩት። አያ ክንዱ ዶማውን ይዞ ተከተለኝ። ልጮህበት ነበር... አልጮህኩም።
"እማየ ናት መልሽው ያለችኝ።"
በዶማው ጉድጓዱን ከፈተልኝ። ለቀቅኩት፤ ገባ። ቆምን። ቆይቶ ከውስጥ አፈር እየገፋ መጣ። ገፋ፣ ገፋ... ደፈነው።
አያ ክንዱ ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ቤት ሄደ። እኔ ቀዳዳ ቀርቶ እንደሆነ በእጄ ዳሰስኩ። አልቀረም።